ሁለት አፍ ያለው

ሀምሲን በነፈሰበት ማታ፣ ቤርሼባ አሸዋ ስትተፋ፣
ፍሬሃ የታችኛው ፎቅ ሞሮኳዊት፣ ካርታዋን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ
«ነይ፣ አንድ አንሺ» አለችኝ።
«ጥንቆላ ነው» አልኳት፤ «ኦሪት ይከለክላል፤
ቄሱም ከሰሙ ጉድ ይፈላል።»
«ሥዕል ነው» አለች። «ሥዕል ማየት ማንን ያስኮንናል?»

አነሳሁ። ጠርዟ በወይራ ዘይት ወዝቷል፣
መሐሏ በአውራ ጣት ብዛት ነጥቷል።
የሰይፍ ንግሥት።
ድንጋይ ዙፋን ላይ ተቀምጣለች፣ በጎኗ ወደ እኛ፤
ዙፋኑ ላይ ቢራቢሮ ተፈልፍሏል፣ ሳይበር የቀረ መንገደኛ።
ቀኝ እጇ ሰይፉን እንደ ጧፍ አቁሟል፣
ግራ እጇ ባዶውን ተዘርግቶ ቆሟል፤
«ና» ይሁን «ተው» ይሁን የሚለው፣
ሠዓሊው አልለየው።
ከደመናው በላይ አንዲት ወፍ አለች።
ከንግሥቲቱ ይልቅ እሷ አሳዘነችኝ።

ፍሬሃ ትፈታለች፣ ሽንብራ እየለቀመች፦
«መበለት ናት፤ አልቅሳ አልቅሳ የጨረሰች።
እውነት ስትናገር እጇ አይንቀጠቀጥም፣
በምትወደው ሰው ፊት እንኳ ሰይፏ አይጎነበስም።
ተገልብጣ ከወጣች ግን ክፉ ናት፤ ምላሷ ያርዳል፣
አጠገቧ የሚያድር የለም፣ ጎረቤት ጥሏት ይሄዳል።»
«እኔ መበለት አይደለሁም፤ ባሌ ዲሞና ነው፣
በሚስቱ ቤት ደኅና ነው።»
ሳቅን። ካርታዋ ግን የጨው ዕቃውን ተደግፋ
እስክወጣ አየችኝ።

ሥራዬ አፍ ማከራየት ነው።
ሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሊፍቱ በስተግራ፣
ዕብራይስጥ እረከባለሁ፣ አማርኛ አስረክባለሁ በተራ።
ደረቴ ላይ የተሰቀለው «ኦስናት» ይላል፤
ሽማግሌ ሁሉ ግን «አንጓች» ይለኛል።

በአገራችን ሕግ መርዶ እንዲህ አይነገርም።
ሌሊት ነው፤ ዶሮ ሳይጮህ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አይደፍርም።
ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ በር ይንኳኳል ቀስ ተብሎ፣
መጀመሪያ ስለ አዝመራ ይወራል፣ ሌላ ሌላው ተብሎ፣
ኀዘንተኛው ከድምፃቸው ክብደት እስኪረዳው ድረስ።
እዚህ ረፋድ ላይ፣ አምስት ሰዓት ከሃያ፣
ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፤
እኔ ደግሞ በመሐል አገር።

አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው።
ልጆቿ ከኋላ ጠቀሱኝ፤ «ጨጓራ ነው» አልኳት፤ ቀላል ነው።
ዘርፌ ጉንጬን ሳመች፣ መረቀች፤
ከተኳረፈቻት እህቷ ጋር «ለበዓል እደዋወላለሁ» እንዳለች
በዓሉ ሳይገባ ሄደች።
ያን ቀን ደግ መስዬ ነበር።
ደግነቴን እስከ ዛሬ እከፍላለሁ።

ዛሬ አባ ብርሌው ናቸው። ነጭ ጋቢ፣ የስፖርት ጫማ፤
ጉበታቸው በፎቶው ላይ ብል እንደበላው ሸማ።
ልጃቸው ከኋላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ጫነች።
ሐኪሙ ተናገረ። ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ።
ሰይፍ በእኛ ቋንቋ አፍ አለው፤ በእነሱም አፍ አለው፤
ታዲያ ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ከአስተርጓሚ ሌላ ማነው?
«ሦስት ወር ነው አባቴ፤ ቢበዛ አራት።
መድኃኒቱ ሕመም ያስታግሳል፣ መዳን የለበት።»
ግራ እጄን ዘረጋሁ።
በሻካራ መዳፋቸው ጠበቅ አድርገው ያዙኝ።

ልጃቸው ወጣች፣ በሩን ሳትዘጋ።
እሳቸው ጣታቸውን ቆጠሩ፦ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ።
«ስለት አለብኝ» አሉ።
ሁለቱንም ሰማሁ፤ የሚቆርጠውንም፣ የሚከፈለውንም።
«ይቺን አሁን የወጣችዋን፣ በሱዳን በረሃ
ሦስት ሌሊት ያዘለልኝ ፈንታሁን ናታንያ ነው ያለው።
'ከደረስን ላም አለህ' ብዬው ነበር፣ አፌን ሰጥቼው።
አርባ ዓመት በየሠርጉ ተያየን፤
እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልሰጠሁት።
ሦስት ወር ካለኝ ይበቃኛል። እስቲ ጠይቂልኝ ሐኪሙን፤
እዚህ አገር ላም የት ይሸጣል?»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን እንደያዘ «ምን አለ?» አለኝ።
ሃያ ዓመት አፍ አከራይቻለሁ፣ ሳልቆርጥ፣ ሳልቀጥል።
«ላም» አልኩት በዕብራይስጥ፣ ቀጥ አድርጌ።
ያልሰማ መሰለኝ፤ ደገምኩለት።